«ሐኪምዎን ያማክሩ» ማለት ብቻውን ይበቃልን? ስለ ፀረ-ኤች.አይ.ቪ እና ስለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች መስተጋብር የቀረበ ሂስ

የፀረ-ኤች.አይ.ቪ ሕክምና በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ፣ ከ2005 መባቻ ጀምሮ ደግሞ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሺህ ወገኖች ከሞት አፋፍ ተመልሰው ሥራቸውን ይዘዋል፣ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ሕዝቡም መድኃኒቱን «ዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ ሲሰይመው በዓይኑ ያየውን መመስከሩ ነበር። ይሁን እንጂ ዕድሜው የተራዘመለት ሰው እንደማንኛውም ሰው ይታመማል። ጉሮሮው ይቆስላል፣ ጥርሱ ይመግላል፣ ጨጓራው ያቃጥለዋል፣ ሳንባ ነቀርሳም ይይዘዋል። ያን ጊዜ በየቀኑ በሚወስደው ኪኒን ላይ ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። ሁለቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ምን ይደርሳል የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል።

ለዚህ ጥያቄ በበራሪ ጽሑፍም ሆነ በምክር አገልግሎት ክፍል የተለመደው መልስ «ሌላ መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ» የሚለው ነው። በምክሩ ላይ ክርክር የለኝም። የዚህ ጽሑፍ ሂስ ያነጣጠረው ምክሩ በዚያው በማብቃቱ ላይ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚያሰጋና የትኛው እንደማያሰጋ በስም ስለማይናገር፣ የማወቅንም የመናገርንም ሸክም በታካሚው ላይ ጥሎ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ተቃራኒ ጉዳቶች ይደርሳሉ።

ስም አለመጥራት የሚያስከትለው ጉዳት

ለማሳያ ያህል አንድ ጎልማሳ እናስብ። ዶሉቴግራቪር፣ ላሚቩዲንና ቴኖፎቪር በአንድነት የተቀመሙበትን ኪኒን በየቀኑ ሳያቋርጥ ይወስዳል። ጥርሱ መግሎበት አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል። «ሐኪምዎን ያማክሩ» የተባለውን ያስታውሳል፤ ነገር ግን የሚከታተለው ሐኪም ሩቅ ነው፣ ቀጠሮውም ገና ወራት ይቀሩታል። ሁለቱ መድኃኒቶች ምናልባት አይስማሙ ይሆናል ብሎ በመስጋት አሞክሳሲሊኑን እስኪጨርስ ድረስ የዘወትሩን ኪኒን ያቆማል። ሰውየው ይህን ያደረገው ምክሩን ስለናቀ አይደለም፤ ምክሩን አክብሮ፣ ትርጉሙን ግን የሚነግረው አጥቶ ነው። አሞክሳሲሊን በአብዛኛው በኩላሊት በኩል የሚወገድ መድኃኒት በመሆኑ የዶሉቴግራቪርን መጠን አይነካም። ሕክምናው የተቋረጠው ያለ በቂ ምክንያት ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አንዲት ሌላ ታካሚ እናስብ። ያንኑ ኪኒን ትወስዳለች፤ ሳንባ ነቀርሳ እንደያዛት ታውቆም በሌላ ክፍል፣ በሌላ ካርድ ሕክምና ትጀምራለች። ባለሙያው «እናቴ፣ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ?» ብሎ ይጠይቃታል። እርሷም «የለም ልጄ፣ የቲቢ ኪኒን ብቻ ነው የምወስደው» ትላለች። ባለሙያው አንቲባዮቲክ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ቢያልፍ፣ ከፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው በእጇ እንዳለ ሳይታወቅ ይቀራል። በእኛ የዘወትር አነጋገር አንቲባዮቲክ የሚባለው ለጉሮሮ፣ ለቁስልና ለሽንት ቧንቧ ሕመም የሚሰጠው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በስሙ ብቻውን ይጠራል። የባለሙያው ጥያቄ የመማሪያ መጽሐፉን አከፋፈል ተከተለ፤ የታካሚዋ መልስ ደግሞ የአገሩን አነጋገር። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ሆነው ሳለ አልተገናኙም።

ሪፋምፒሲን የሚያደርገው

ሪፋምፒሲን ከሪፋማይሲን ወገን ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች እ.ኤ.አ. በ1957 በሚላኖ በሌፔቲ ኩባንያ ቤተ ሙከራ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኙ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና ወደ ስድስት ወር ለማሳጠር ካስቻሉት መድኃኒቶች ዋነኛው ይኸው ሪፋምፒሲን ነው። ነገር ግን ባክቴሪያን ከመግደሉ ሌላ ጉበትንና አንጀትን መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን አብዝተው እንዲያመርቱ ያነሣሣል። ይህ ውጤት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጎለምሳል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በእነዚሁ ኢንዛይሞች የሚሰባበር ሌላ መድኃኒት ሁሉ ከተለመደው ቀድሞ ከደም ይጠፋል።

ሕክምናው በስፋት በተጀመረባቸው ዓመታት ጉዳዩ የኔቪራፒን ነበር። ሪፋምፒሲን የኔቪራፒንን መጠን በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ታካሚ ወደ ኤፋቪሬንዝ እንዲዛወር ይደረግ ነበር፤ ኤፋቪሬንዝ የሚደርስበት ቅነሳ አነስተኛ ነውና። በሁለተኛ ደረጃ ሕክምና የሚገኘው ሎፒናቪር ከሪፋምፒሲን ጋር በተለመደው መጠን ቢሰጥ በደም ውስጥ የሚቀረው ከሩብ አይበልጥም። አታዛናቪር ደግሞ ከሪፋምፒሲን ጋር ጨርሶ አብሮ አይሰጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉቴግራቪርን በተመራጭነት ካጸና በኋላ የጥያቄው መልክ ተለወጠ። ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርንም መጠን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር በቀን አንድ ጊዜ በመስጠት ፋንታ በቀን ሁለት ጊዜ መስጠት። በተግባር ሲተረጎም፣ ታካሚዋ ሦስቱን የያዘውን ኪኒን በተለመደው ሰዓት ወስዳ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ዶሉቴግራቪር ብቻውን ያለበትን አንድ ኪኒን ትጨምራለች። ይህንንም ሪፋምፒሲን በምትወስድበት ጊዜ ሁሉ፣ ካበቃችም በኋላ ለሁለት ሳምንት ትቀጥላለች። ኢንስፓይሪንግ የተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት በዚህ አሰጣጥ ቫይረሱን መግታት እንደሚቻል አሳይቷል።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ዕውቀት ፍሬ አንዲት ተጨማሪ ኪኒን ናት። ይህች ኪኒን ከታካሚዋ እጅ ለመግባት ግን ሁለቱ ክፍሎች መነጋገር፣ ሁለቱ ካርዶች መተያየት፣ ዶሉቴግራቪር ለብቻውም በመጋዘን መገኘት፣ ታካሚዋም ለምን እንደተጨመረችላት መረዳት አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ «ሐኪምዎን ያማክሩ» በሚለው ምክር የሚሟላ አንድም የለም።

የሚስማሙትን ማስፈራት

መድኃኒቶችን ሁሉ በአንድ ማስጠንቀቂያ ማሰር የሚያስከትለው ሌላው ስሕተት የማያሰጋውን ማስፈራት ነው። ፀረ-ባክቴሪያና ፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት አብረው መወሰዳቸው በራሱ አደጋ ቢሆን ኖሮ ኮትሪሞክሳዞልን ለታካሚዎቻችን በእጃችን ባልሰጠን ነበር። በዛምቢያ በሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ኮትሪሞክሳዞል በየቀኑ መስጠት ሞትን በ43 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዛሬም ኮትሪሞክሳዞል ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ከዘወትር መድኃኒታቸው ጎን ይሰጣል።

ኮትሪሞክሳዞል ከባለሙያው ዘንድ የሚሻው ጥንቃቄ ግን አለ። ከዚዶቩዲን ጋር ሲሰጥ የደም ማነስ ሊያይል ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከዶሉቴግራቪር ጋር ሲሰጥ የሚታየው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱም ክሬአቲኒን በኩላሊት ቧንቧዎች በኩል እንዳይወጣ በጥቂቱ ስለሚገቱ፣ ኩላሊት ሳይጎዳ በደም ውስጥ ያለው የክሬአቲኒን ልክ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ቴኖፎቪር ኩላሊቱን ጎዳው ብሎ ሊደመድምና የሚስማማውን መድኃኒት ያለ ምክንያት ሊያስቆም ይችላል። መለስተኛና በሕክምናው መጀመሪያ ታይቶ ባለበት የሚቆም ጭማሪን እያደር ከሚጨምር ጭማሪ መለየት ይገባል።

አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲንና ሜትሮኒዳዞል ዶሉቴግራቪር ካለበት ከተለመደው ኪኒን ጋር ሊወሰዱ ይችላሉ። ይህን ለታካሚው በግልጽ መንገር የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

በተለይ ሊጠቀሱ የሚገባቸው

ጥቂት ሁኔታዎች ግን ራሳቸውን የቻሉ ማሳሰቢያዎች ይሻሉ።

የመጀመሪያው የጨጓራ ሕክምና ነው። በሀገራችን የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብህ የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሳሲሊንና ኦሜፕራዞል በአንድነት ይታዘዙለታል። ዶሉቴግራቪር ለሚወስድ ሰው ይህ ሕክምና ችግር አይፈጥርም። በሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ላይ ሆኖ በሪቶናቪር የተደገፈ አታዛናቪር ለሚወስደው ግን ነገሩ ይለያል። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ አታዛናቪር በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ በሌላ በኩል የክላሪትሮማይሲን መጠን ከፍ ይልና በልብ ምት ላይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። አንዱ ማዘዣ በአንድ ጊዜ የኤች.አይ.ቪውን መድኃኒት ያሳንሳል፣ የጨጓራውን ያበዛል። ማክሮላይድ ለሌላ ሕመም ባስፈለገ ጊዜ ከክላሪትሮማይሲንና ከኤሪትሮማይሲን ይልቅ አዚትሮማይሲን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ያለ ማዘዣ የሚሸጠው የጨጓራ ሽሮፕ ነው። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት ሽሮፕ በአንጀት ውስጥ ዶሉቴግራቪርን አስሮ ይይዘዋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና ዶክሲሳይክሊንንም እንዲሁ። ስለዚህ ዶሉቴግራቪር ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የአይረን ኪኒንና ካልሲየምም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፤ እነርሱን ግን ከምግብ ጋር ከሆነ ከዶሉቴግራቪር ጋር በአንድ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘለት ሰው ቃጠሎ ሲሰማው ሽሮፕ ቢጨምርበት የሁለቱም መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፤ ጥፋቱም በፀረ-ባክቴሪያው ላይ ይላከካል።

ሦስተኛው የሕፃናት ጉዳይ ነው። የሎፒናቪርና ሪቶናቪር ሽሮፕ 42 በመቶ ገደማ አልኮል አለበት። ይህን ሽሮፕ ለሚወስድ ሕፃን ሜትሮኒዳዞል ቢጨመርበት ማስመለስና የፊት መቅላት የመሳሰሉ ምልክቶች ሊመጡ ይችላሉ። ለሕፃናት የሚሟሟው ዶሉቴግራቪር በመጣበት ቦታ ሁሉ ይህ ሥጋት ይቀንሳል፤ ሽሮፑ በቀረበት ቦታ ግን አስታማሚው ሊነገረው ይገባል።

አራተኛው በመርፌ የሚሰጠው ጄንታማይሲን ነው። እርሱም ቴኖፎቪርም ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ የኩላሊት ምርመራ ሊታለፍ አይገባም።

አምስተኛው መድኃኒት የተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቤዳኩዊሊን ከኤፋቪሬንዝ ጋር ሲሰጥ መጠኑ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሊኔዞሊድና ዚዶቩዲን ደግሞ ሁለቱም የደም ማምረቻውን መቅኔ ያዳክማሉ። በእነዚህ ሁኔታዎች አብዛኛውን ጊዜ መለወጥ ያለበት የኤች.አይ.ቪው መድኃኒት ነው፤ ወደ ዶሉቴግራቪር።

ሸክሙ በማን ላይ ነው?

ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ቆሞ «ለጉሮሮ የሚሆን ስጡኝ» ብሎ መግዛት ዛሬም የተለመደ ነው። ከኋላ ሰልፈኛ፣ ከጎን ጎረቤት ባለበት መስኮት ፊት «የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብሎ መናገርን ከማን እንጠብቃለን? እንዳይታወቅባቸው ብለው መድኃኒታቸውን ከሰፈራቸው ርቀው የሚወስዱ ታካሚዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ደኅንነትህን ለመጠበቅ ምሥጢርህን ግለጥ ማለት ከሁለቱ አንዱን እንዲተው ማስገደድ ነው።

መውጫው በእጃችን ነው። ታካሚው በሚወስደው ሕክምና ላይ የማያሰጉትንና የሚያሰጉትን መድኃኒቶች በስም የሚያውቅ ከሆነ፣ ለሻጩ ስለ ራሱ አንዳች መናገር አያስፈልገውም። «ይህ መድኃኒት ስሙ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። መልሱ አሞክሳሲሊን ከሆነ ያለ ሥጋት ይቀበላል፤ ከተነገሩት ስሞች አንዱ ከሆነ ግን ወደ ሚከታተልበት ክፍል ይደውላል። ስም መንገር ታካሚው ደኅንነቱንም ምሥጢሩንም በአንድነት እንዲጠብቅ ያስችለዋል።

የመድኃኒት ባለሙያውም ድርሻ አለው። «ምን በሽታ አለብዎት?» ከማለት ይልቅ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን አለ? የቲቢ መድኃኒትስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለሚጥል በሽታ ታካሚም ያገለግላልና ማንንም ለይቶ አያጋልጥም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ዝርዝር ታካሚን ያስፈራል፣ አጭር ምክር ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ዶሉቴግራቪር ለሚወስደው ሰው ዝርዝሩ በጣም አጭር ነው። ሪፋምፒሲን ከተጀመረ ኪኒን ይጨመራል፤ የጨጓራ ሽሮፕ፣ አይረንና ካልሲየም ሰዓታቸውና አወሳሰዳቸው ይጠበቃል፤ የተለመዱት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከዘወትሩ ኪኒን ጋር ይወሰዳሉ፤ የዘወትሩ ኪኒን በራስ ውሳኔ አይቆምም። ይህ ሁሉ በመዳፍ ልክ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ዝርዝሩ የሚረዝመው በሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ላይ ላሉት ነው፤ ለእነርሱም የተለየ ካርድ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሕክምናው ስለሚለዋወጥ ካርዱ ያረጃል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ለኔቪራፒን ዘመን የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለዶሉቴግራቪር ዘመን አይሆንም። ስለዚህ ካርዱ የተጻፈበትን ቀንና የሕክምናውን ስም ይያዝ፤ ሕክምናው በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ተሰብስቦ አዲስ ይሰጥ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሳይንሳዊ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው ራዲያንት ቲቢ የተባለ ጥናት፣ ሪፋምፒሲን እየወሰዱ ዶሉቴግራቪርን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከወሰዱት መካከልም አብዛኞቹ ቫይረሱ እንደተገታላቸው አሳይቷል። እንደዚሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚሰጠው የሪፋፔንቲንና አይሶኒያዚድ የመከላከያ ሕክምና የዶሉቴግራቪርን መጠን ቢቀንስም ተጨማሪ ኪኒን አያስፈልገውም። ታዲያ ስለ ሪፋምፒሲን ይህን ያህል ማስጠንቀቅ ለምን? ጥናቱ አነስተኛና ሁለቱን አሰጣጦች ለማበላለጥ ያልታቀደ ስለነበር፣ ተጨማሪዋን ኪኒን ለመተው ብቻውን በቂ መሠረት አይሆንም። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ያስተምረናል፤ ይኸውም ተጨማሪዋ ኪኒን ለጊዜው ብትጠፋ የሳንባ ነቀርሳውን ሕክምና ለማዘግየትም ሆነ የኤች.አይ.ቪውን ለማቋረጥ ምክንያት ልትሆን አይገባም። ይህን ልዩነት ለይቶ መናገር የሚችለው ደግሞ መድኃኒቶቹን በስማቸው የሚጠራ ምክር ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

የሙያ ማኅበራችን አባላት በዚህ ረገድ ልንሠራቸው የምንችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሐኪሞች፣ የመድኃኒት ባለሙያዎችና ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ማኅበራት በጋራ ሆነው ለእያንዳንዱ ሕክምና የሚሆን አጭር ካርድ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ያዘጋጁ። በካርዱ ላይ የበሽታው ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ የመድኃኒቶቹ ስም ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በሚጀመርበት ቀን የዶሉቴግራቪር ተጨማሪ መጠን በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል የሚታዘዝበት፣ የሚያበቃበትም ቀን አብሮ በካርዱ ላይ የሚሰፍርበት አሠራር ይጽና። ሦስተኛ፣ በምክር አገልግሎት ጊዜ «አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ «የቲቢ መድኃኒት፣ የጨጓራ መድኃኒት፣ ሌላም ኪኒን፣ ሽሮፕ ወይም መርፌ አለ?» በሚለው ይተካ።

«ሐኪምዎን ያማክሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በካርዱ መጨረሻ ላይ ይቆይ፤ ሐኪሙ ራሱ ሊናገር የሚገባውን ከተናገረ በኋላ ማለት ነው።